የአንባብያን ጥያቄ፦ የቄሱ ባለቤት ቀሪ ዘመን

ጥያቄ፦ በአሜሪካ ስለ ሰፈሩት ኖርዌያውያን ሉተራውያን በሚጻፉ ጽሑፎች ውስጥ ወይዘሮ ኤሊሳቤት ኮረን የተባሉ የቄስ ባለቤት ደጋግመው ይጠቀሳሉ። ከሰማንያ ዓመት በላይ ኖረዋል፤ የሚነገረው ግን እ.ኤ.አ. ከ1853 እስከ 1855 ስለጻፉት የዕለት ማስታወሻ ብቻ ነው። ማስታወሻው ለምን ተቋረጠ? የቀረው ዘመናቸውስ በምን አለፈ?

መልስ፦ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ወይዘሮ ኤሊሳቤት በ1832 በኖርዌይ ላርቪክ ከተማ ከአንድ መምህር ተወለዱ፤ በ1853 ቄስ ኡልሪክ ቪልሄልም ኮረንን አግብተው በዚያው ዓመት መጨረሻ በአዮዋ፣ ዴኮራ አጠገብ ከሚገኘው የዋሽንግተን ፕሬሪ ሰፈር ደረሱ። ባለቤታቸው ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተምዕራብ መኖሪያቸውን ያደረጉ የመጀመሪያው የኖርዌይ ሉተራን ቄስ ነበሩ። ለቄሱ የሚሆን ቤት ገና ስላልተሠራ፣ አዲሶቹ ሙሽሮች ክረምቱን ኤጌ ከሚባሉ ገበሬዎችና ከልጆቻቸው ጋር፣ በመጋረጃ በተከፈለች ባለ አንድ ክፍል የግንድ ቤት ውስጥ አሳለፉ። ቤቲቱ ዛሬም በዴኮራ በሚገኘው የቬስተርሄይም ሙዚየም ትታያለች።

ማስታወሻው የዚያ ጊዜ ፍሬ ነው። ቄሱ ተራርቀው የሰፈሩትን ወገኖቻቸውን ለማጥመቅና ለማቍረብ ብዙ ቀን ከቤት ይርቁ ስለነበር፣ የሃያ አንድ ዓመቷ ሙሽራ ብቸኝነታቸውንና በየማዕዱ የሚመላለሰውን የአሳማ ሥጋ ሳይቀር እየመዘገቡ ይጠብቋቸው ነበር። የራሳቸው ጓዳ አልነበራቸውም፤ የሚያስተናግዱት እንግዳም እንዲሁ። በእኔ ግምት ብዕሩን ያስቀመጡት የሚጻፍ ነገር አጥተው ሳይሆን ጊዜ አጥተው ነው፤ የቄሱ መኖሪያ ከተሠራና ልጆች መወለድ ከጀመሩ በኋላ ዋናው ሥራቸው መጣ። ስለዚህ በሰፊው የምናውቀው የሕይወታቸው ክፍል፣ እንደ ቄስ ባለቤት ገና ሥራ ያልጀመሩበት ነው ማለት ይቻላል።

በእነዚያ ሰፈሮች የቄሱ ቤት የአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ብቻ አልነበረም። ተጓዥ ቀሳውስት ያድሩበታል፣ አዲስ መጤዎች ምክር ይጠይቁበታል፣ የሚያገቡ፣ የሚያስጠምቁና ሐዘን የደረሰባቸው ሁሉ በሩን ያንኳኳሉ። የቄሱ ገቢ ከምዕመናኑ መዋጮና በገና፣ በፋሲካ፣ በጰንጠቆስጤ ከሚሰጠው መባ የሚሰበሰብ ስለነበር፣ የጓሮው አትክልትና የላሟ ወተት ለቤቱ ትልቅ ድጋፍ ነበሩ፤ ባል ለአገልግሎት ሲወጣ ይህን ሁሉ የምታስተዳድረው ሚስት ናት። ደመወዝ የላትም፤ በማኅበረ ምዕመናኑ ጉባኤም ሴቶች ድምፅ አልነበራቸውም። (ስለ ቀሳውስቱ የተጻፉት ታሪኮች ይህን ክፍል በአንድ ዐረፍተ ነገር ሲያልፉት ማየት ያስገርማል።)

የሲኖዶሱ፣ ማለትም ማኅበረ ምዕመናኑ የታቀፉበት የኖርዌያውያን ሉተራውያን የቤተ ክርስቲያን ኅብረት፣ ጉዳይም ከቤቱ አይርቅም ነበር። የኖርዌይ ሲኖዶስ የሉተር ኮሌጅን በ1861 በዊስኮንሲን ከፍቶ በ1862 ወደ ዴኮራ አዛወረው፤ ኮሌጁ ግን እስከ 1936 ድረስ ሴቶችን አልተቀበለም። በ1880ዎቹ ስለ ቅድመ ውሳኔ፣ ማለትም እግዚአብሔር የሚድኑትን አስቀድሞ ስለ መምረጡ፣ የተነሣው ክርክር ማኅበረ ምዕመናንን ለሁለት ከፈለ፤ ከሲኖዶሱ አንድ ሦስተኛ ያህሉም ተለይቶ ወጣ። እንዲህ ያለው መለያየት ለቄሱ የትምህርተ ሃይማኖት ጉዳይ ሲሆን፣ ለባለቤቱ ደግሞ በየሳምንቱ የምታገኛቸውን ጎረቤቶች ማጣት ጭምር ነው። ቄስ ኮረን ከ1894 እስከ ሞቱበት እስከ 1910 ድረስ ሲኖዶሱን በፕሬዚዳንትነት መሩ።

ወይዘሮ ኤሊሳቤት ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ያህል ኖረዋል። ልጆቻቸው ማስታወሻውንና በ1850ዎቹ የጻፏቸውን ደብዳቤዎች መርጠው በ1914 በኖርዌይኛ ሲያሳትሙ እናታቸው በሕይወት ነበሩ፤ የእንግሊዝኛው ትርጉም የወጣው ግን በ1955 ነው። በ1918 ግንቦት ወር የአዮዋ አገረ ገዥ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ከእንግሊዝኛ በቀር ሌላ ቋንቋ በትምህርት ቤት፣ በአደባባይና በስልክ፣ በአምልኮም ጭምር እንዳይነገር አወጁ። ወይዘሮ ኤሊሳቤት ያረፉት በዚሁ ዓመት ነው።

ጠያቂያችን ከ1855 በኋላ ስለ ነበረው ዘመን ማወቅ ከፈለጉ፣ ከታተመው ማስታወሻ ይልቅ የቤተሰብ ደብዳቤዎችን፣ የማኅበረ ምዕመናን መዛግብትንና የሴቶች ማኅበራትን ቃለ ጉባኤ መመልከት ይሻላል። ለዚህም የሉተር ኮሌጅ ቤተ መዛግብትና በሚኒሶታ፣ ኖርዝፊልድ የሚገኘው የኖርዌይ አሜሪካውያን ታሪክ ማኅበር ጥሩ መነሻዎች ናቸው።