ከተረቱ ግርጌ ያለችው መስመር

ጥያቄ፦ የሰባት ዓመት ልጄ ተረት እጅግ ይወዳል፤ ነገር ግን የግብረ ገብ መጽሐፍ እያነበብሁለት «ከዚህ ተረት የምንማረው» የምትለው መስመር ላይ ስደርስ ተነሥቶ ይሄዳል። ደጋግሜ እንዳነብለት የሚጠይቀኝ ደግሞ እመት ጦጢት አያ ጅቦን አታልላ የምታመልጥበትን ተረት ነው። ምክሩን ልዝለለው? የጦጣዋንስ ተረት ልተወው? (እናት፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ መስመሯን ቢዘልሏት ልጅዎ የሚጎድልበት ነገር አይታየኝም። ተረት ነጋሪ «ተረት ተረት» ሲል ልጆች «የላም በረት» ብለው ይቀበሉታል፤ ሲጨርስ የሚለውም «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ነው፤ ይህም ልጁ ትምህርቱን እንዲደግም ሳይሆን በተራው ተረት እንዲነግር የሚጠይቅ ነው።

ምክርን ከተረት ጋር ማቅረብ በራሱ ነውር የለበትም። የከበደ ሚካኤልን «ታሪክና ምሳሌ» በልጅነታቸው ያነበቡ ብዙ ሰዎች ግጥሞቹን ዛሬም በቃላቸው የሚያወርዱት፣ ምክሩ ቤት እየመታ ከታሪኩ ጋር አብሮ ስለተሰፋ ይመስለኛል። ልጅን የሚያሰለቸው በመጨረሻ እንደ ፈተና መልስ የሚለጠፈው ዐረፍተ ነገር ነው።

የጦጣዋን ተረት አይተዉት። በቤቱ ውስጥ ከሁሉ የሚያንሰው ልጅ ጉልበት የሌላት ፍጡር ከጉልበተኛ አፍ ስታመልጥ ቢደሰት፣ ውሸት ተማረ ማለት አይደለም። ይልቅስ «ጅቡ ምን ሊያደርጋት ነበር?» ብለው ይጠይቁት፤ በሌላ ቀን ደግሞ ለጨዋታ ሲል «ነብር መጣ!» እያለ መንደሩን በከንቱ የሚያስሮጠውን እረኛ ይንገሩትና፣ ነብሩ በእውነት በመጣ ጊዜ ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው፣ የመንደሩ ሰዎች ምን ቢያደርጉ እንደሚሻል ይጠይቁት። ነፍሱን ለማዳን የሚያታልለውንና ለመሳቅ የሚዋሸውን ልጅዎ ራሱ ይለያቸዋል። (እኔ በልጅነቴ የማዝነው አንድም ውሸት ላልተናገሩት በጎች ነበር፤ ስለ እነርሱ የሚናገር ምክር ግን አንብቤ አላውቅም።)

መጽሐፍ ሲገዙ ገና ከመጀመሪያው ገጽ «ጎበዙ» እና «ሰነፉ» ተብለው ተለይተው የሚቀርቡ ልጆች ያሉበትን ይለፉት፤ ለልጁ የሚፈርደው ነገር አያስቀርለትም።

ማታ ካነበቡለት በኋላም «ተረቴን መልስ» ይበሉት። በእርሱ ተረት ጦጣዋ በጅቡ ብትበላም እንኳ ሳያርሙት ይስሙትና ዳቦውን ይቍረሱለት።