18 ሲሞላት ፋይሏን ማየት አልችልም?

ጥያቄ፦ ልጄ እዚህ አሜሪካ በመንግሥት ትምህርት ቤት 12ኛ ክፍል ነች። በየሳምንቱ ከትምህርት ቤቱ አማካሪ ጋር ትቀመጣለች። «ምን አወራችሁ?» ስላት «የራሴ ጉዳይ ነው» ትለኛለች። አማካሪዋ ዘንድ ሄድኩ፤ ማስታወሻዬን አላሳይም አለችኝ። ጭራሽ «በሚቀጥለው ወር 18 ስለሚሞላት መዝገቧም የራሷ ይሆናል» አለች። የማበላት እኔ፣ የማለብሳት እኔ! ይሄ ምን የሚሉት ሕግ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ንዴትሽ ገብቶኛል። ሕጉ ፈርፓ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣ የፌዴራል ሕግ ነው። ልጅ 18 እስኪሞላው ድረስ የትምህርት መዝገቡን የማየት መብት የወላጅ ነው። ውጤቱ፣ የቀረባቸው ቀናት፣ የዲሲፕሊን ወረቀቱ፣ ሁሉም። ትምህርት ቤቱ ከጠየቅሽበት ቀን አንስቶ ከ45 ቀን በላይ ሊያቆይሽ አይችልም። ግን 45ቱን ቀን ከጎተቱት ልደቷ ይቀድምሻል። ዛሬውኑ በጽሑፍ ጠይቂ።

ማስታወሻው ላይ ግን አማካሪዋ ልክ ነች። ለራሷ ማስታወሻ ብላ የጻፈችውንና ለማንም ያላሳየችውን ወረቀት ሕጉ መዝገብ ብሎ አይቆጥረውም። ልጅሽ ራሷ ብትጠይቅም በዚህ ሕግ አታገኘውም። የልጅሽን ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ከመጣ ግን ትምህርት ቤቱ ሊነግርሽ ይፈቀድለታል።

18 ሲሞላት መብቱ ወደ እሷ ይዞራል። ሆኖም ታክስ ስታሠሪ ጥገኛ ብለሽ የምታስመዘግቢያት ከሆነ፣ ትምህርት ቤቱ ያለ እሷ ፈቃድ መዝገቡን ሊያሳይሽ ይችላል። «ይችላል» ነው ያልኩት፤ ግዴታ የለበትም።

እኔም አንዴ የወንድ ልጄን ፋይል አስወጥቼ አውቃለሁ። 16 ዓመቱ ነበር። ቢሮው በር ላይ ካለው ወንበር ቁጭ ብዬ ገለጥኩት። ሱስ ይሆን፣ መጥፎ ጓደኛ ይሆን ስል የከረምኩት ሴትዮ ያገኘሁት የቀረባቸውን ቀናት ዝርዝር ነው። ማክሰኞ፣ ማክሰኞ፣ አሁንም ማክሰኞ። ሁሌም የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ። ማክሰኞ እኔ ከሌሊት ፈረቃ አርፍጄ የምገባበት ቀን ነው። ለካ ታናሽ እህቱን አውቶብስ የሚያሳፍራት እሱ ኖሯል!

ማታ ስለ ፋይሉ ትንፍሽ አላልኩም። «ከእንግዲህ ማክሰኞ እህትህን እኔ አሳፍራታለሁ» ብቻ አልኩት። ሹካውን አስቀምጦ አየኝ። «ማን ነገረሽ?» አለ። ስነግረው ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር፤ ተነስቶ ክፍሉ ገባ። ከኋላው ሄጄ ሥራውን መፈተሼ እንጂ ማክሰኞው አልነበረም የከነከነው።

ስለዚህ አንቺ ማመልከቻውን ከማስገባትሽ በፊት ለልጅሽ ንገሪያት። ትቆጣ ይሆናል። ብትቆጣም ፊት ለፊትሽ ሆና ትቆጣ።