አውራ ጣት የማይደርስበት የጎማ ጠባይ

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጁ። ኮምቦልቻ ከአባቴ ጋር ጋራዥ ነው የምሠራው። ለሁለት አንድ ዓይነት ሚኒባሶች ሞተሩ የሚቀመጥበትን ጎማ ቀየርን። ጎማዎቹ የተገዙት ከተለያየ ሱቅ ነው፤ በእጅ ስንጫናቸው ግን ምንም ልዩነት የላቸውም። አንደኛው ሚኒባስ ደሴ አድሮ ጠዋት ሲነሳ፣ ገና ቆሞ እያለ ወንበሩ ድረስ ይንቀጠቀጣል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ እኛ ጋ ሲደርስ ይተወዋል። አንድ መምህር «ይሄን የሚለየው ዲኤምኤ የሚባል መሣሪያ ነው» አለኝ። ምንድን ነው? ያለ እሱስ የምናውቅበት መንገድ አለ?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ እጅህ አልዋሸህም። እጅህ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚጫነው። ሞተሩ እንደዚያ አይደለም። ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር መኪናው ቆሞ በደቂቃ 750 ዙር ሲዞር በየሰከንዱ 25 ጊዜ ያቀጣጥላል፤ ጎማውን በሰከንድ 25 ጊዜ ይነቀንቀዋል ማለት ነው። ጎማ ደግሞ ቀስ ብለው ሲጫኑትና ቶሎ ቶሎ ሲነቀንቁት አንድ ዓይነት አይደለም።

የዳቦ ሊጥ አስብ። በጣትህ ጠቅ አድርገህ ወዲያው ብታነሳ ጉድጓዱ ይመለሳል። ጣትህን እዚያው ብታቆየው ግን ጉድጓድ እንደሆነ ይቀራል። በከፊል እንደ ስፕሪንግ ነው፣ በከፊል እንደ ማር። ጎማም፣ ፕላስቲክም፣ ሬንጅም በየመጠናቸው እንዲህ ናቸው፤ በሙያው ቪስኮኤላስቲክ ይባላሉ።

ዲኤምኤ፣ ማለትም ዳይናሚክ ሜካኒካል አናሊሲስ፣ እነዚህን ሁለት ጠባዮች ለይቶ ይለካል። ከጎማው ትንሽ ቁራጭ ይቆረጥና በሁለት መያዣ መሀል ይታሰራል። መሣሪያው በጣም በትንሹ እየሳበ እየለቀቀ ያወዛውዘዋል፣ ጉልበቱንና እንቅስቃሴውንም አብሮ ይመዘግባል። ስፕሪንግ ቢሆን ሁለቱ እኩል ይወጣሉ፣ እኩል ይወርዳሉ። ፈሳሽ ቢሆን በመሀላቸው የ90 ዲግሪ፣ ማለትም የአንድ ውዝዋዜ ሩብ፣ መዘግየት ይኖራል። ጎማ መሀል ላይ ነው። ከዚያች መዘግየት ሁለት ቁጥር ይገኛል፤ አንዱ ስቶሬጅ ሞጁለስ ነው፣ ጎማው ተቀብሎ የሚመልሰው። ሌላው ሎስ ሞጁለስ ነው፣ ወደ ሙቀት ቀይሮ የሚያጠፋው። ሁለተኛው ለአንደኛው ሲካፈል ታን ዴልታ ይባላል። ለምሳሌ ግትርነት በሚለካበት በሜጋፓስካል 5 እና 0.5 ቢወጣ ታን ዴልታው 0.1 ነው።

አሁን ወደ ደሴ ብርድ እንምጣ። የተፈጥሮ ጎማ እንደ መስታወት የሚደርቀው ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እዚያ ሲደርስ ግትርነቱ ወደ ሺህ እጥፍ ያድጋል። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ብትሆንም፣ እናንተ ከ2,000 በታች ብትሆኑም፣ ማንም እዚያ ብርድ አይደርስም። ስለዚህ ደህና የተፈጥሮ ጎማ በሁለቱ ከተሞች መሀል ብዙ መለወጥ የለበትም። ንዝረት እንዲያፍን ተብሎ የተቀመመ ጎማ ግን ሌላ ነው፤ እሱ መጠንከር የሚጀምረው ገና ከፍ ባለ ሙቀት ላይ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ብርድና ፍጥነት የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው፤ ጎማን ማቀዝቀዝ ቶሎ ቶሎ እንደ መነቅነቅ ይቆጠራል። ይህን ዊሊያምስ፣ ላንደልና ፌሪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1955 እ.ኤ.አ. በቀመር አስቀምጠውታል። አየህ፣ የአንተ ጎማ ደሴ ላይ ሁለቱም ነው የሚደርስበት፣ ብርዱም የሞተሩም 25 ምት። ሲጠነክር ንዝረቱን ሳያስቀር ወደ ወንበሩ ያሳልፈዋል። ሐረጎን ሲወርድ አየሩ ይሞቃል፣ ሞተሩም ራሱ ጎማውን ያሞቀዋል። የእኔ ግምት ይሄ ነው።

መሣሪያው ያለበት ላብራቶሪ ካገኘህ በ1 ኸርዝ (በሰከንድ 1 ጊዜ በማወዛወዝ) ብቻ እንዳይለኩልህ፣ 25 ኸርዝም ጠይቅ። ከዜሮ በታች 80 ጀምሮ እስከ 80 ዲግሪ በደቂቃ 2 ዲግሪ እየጨመሩ መሄድ 80 ደቂቃ ይፈጃል። አታስቸኩላቸው፤ ሙቀቱ ከተጣደፈ የቁራጩ ውስጥ ከውጪው ወደኋላ ይቀራል፣ ቁጥሩም የሌላ ሙቀት ቁጥር ይሆናል። ሁለቱም ጎማዎች በእኩል መጠን መሳብ አለባቸው፣ ምክንያቱም ካርበን ብላክ፣ ማለትም ጎማን ለማጠንከር የሚቀላቀል ጥቁር ዱቄት፣ ያለበት ጎማ የበለጠ በተሳበ ቁጥር እየለሰለሰ ይሄዳል፣ ስለዚህ አንዱን በትንሹ ሌላውን በብዙ ስበው ቢያወዳድሩልህ ውጤቱ ዋጋ የለውም። የቁራጩንም ውፍረት በካሊፐር ከተለያየ ቦታ ይለኩት። ሰው ማሽኑ ውድ ስለሆነ ቁጥሩን ያምናል፤ ማሽኑ ግን የሚያሰላው እኛ ባስገባንለት ውፍረት ነው።

ያለ ማሽንስ? መጀመሪያ የሁለቱን ሚኒባሶች ጎማ አለዋውጥ። መንቀጥቀጡ ጎማውን ተከትሎ ካልሄደ ካንዴላውንና የሞተሩን ዙር እይ። ከተከተለው ከአሮጌ ኩሽኔታ የወጣች የብረት ብይ ያዝ፣ ከ50 ሳንቲሜትር ከፍታ ጎማው ላይ ጣላት፣ ምን ያህል እንደምትነጥር በማስመሪያ ለካ። ደሴ ላይ ማለዳ አድርገው፣ ኮምቦልቻም እኩለ ቀን ላይ ድገመው። ጎማዎቹ ከመኪና ወጥተው ያደሩ ይሁኑ። ብርድ ላይ ነጠራዋ በጣም የሚቀንስበት ጎማ ጠባዩ ከሙቀት ጋር የሚለዋወጠው ነው። ዲኤምኤን አይተካም፣ ግን ሁለቱን ጎማ ይለይልሃል።

ጥያቄ፦ ደሴ ነኝ፣ ተማሪ ነኝ። አንድ የፕላስቲክ ናሙና በዲኤምኤ በማጠፍ ለካሁ። ግላስ ትራንዚሽኑ፣ ማለትም እንደ መስታወት ከደረቀበት ወደ ልስላሴ የሚያልፍበት ሙቀት፣ ከ3 ቦታ ሲነበብ 3 የተለያየ ሙቀት ሆነብኝ። የቱን ልጻፍ?

መልስ፦ እህቴ፣ አልተሳሳትሽም። ስቶሬጅ ሞጁለሱ መውረድ የሚጀምርበት ሙቀት ዝቅተኛው ነው፣ የሎስ ሞጁለሱ ጫፍ ይከተላል፣ የታን ዴልታ ጫፍ ከሁሉም ከፍ ይላል። ዕቃው ሸክም የሚችል ከሆነ እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፣ መልፈስፈስ የሚጀምረው እዚያ ነውና። የትኛውንም ብትጽፊ ከየት እንዳነበብሽውና በስንት ኸርዝ እንደለካሽ አብረሽ ጻፊ፤ ፍጥነቱን 10 እጥፍ ብታደርጊው ጫፉ በጥቂት ዲግሪ ወደ ላይ ይሄዳል። ውፍረቱንም ደግመሽ ለኪ። በማጠፍ ሲለካ የውፍረት 5 በመቶ ስህተት ሞጁለሱን 15 በመቶ ገደማ ያዛባዋል፣ ግላስ ትራንዚሽኑን ግን አይነካውም።