«ቆሽቴ አረረ» ስንል ያረረው ምኑ ነው?

ጥያቄ፦ እናቴ ስኳር አለባት። ሰሞኑን ሰኞ ገበያ ከአንድ ነጋዴ ጋር በዋጋ ተጨቃጭቃ «ቆሽቴን አሳረረው!» እያለች ገባች። ስትለካ ስኳሯ 240 ሆኖ አገኘነው። ሐኪሟ ደግሞ በሽታው ከቆሽት ጋር እንደሚያያዝ ነግሮን ነበር። ታዲያ አባባሉ በሕክምናውም ልክ ነው ማለት ነው? (ከደሴ፣ ሆጤ)

መልስ፦ እንደ አማርኛ አባባሉ ምንም አይወጣለትም። ስሜትን ሆድ ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥ ልማዳችን ነው። ያዘነ አንጀቱ ይላወሳል፣ የፈራ ሐሞቱ ይፈሳል፣ የተናደደ ቆሽቱ ያርራል። በሕክምናው ዓይን ግን ቆሽት ያለ ጥፋቱ ነው የተከሰሰው።

ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ የተጋደመ ዕጢ ነው። (ከጣፊያ ጋር የሚያምታቱት አሉ፤ ጣፊያ ሌላ ነው።) ኢንሱሊን የሚያመነጨው እሱ ነው፤ በኢንሱሊን አማካይነት ስኳር ከደም ወደ ሕዋሳት ይገባል። ስኳር ሲወርድ ደግሞ ያው ቆሽት ግሉካጎን የሚባል ሆርሞን ይለቃል፤ ጉበትም ያከማቸውን ያወጣል።

ንዴት ሲመጣ ትእዛዙ ከላይ ነው የሚነሳው። አንጎል ውስጥ ሃይፖታላመስ የሚባል ትንሽ ክፍል አለ። የእሱ ሕዋሳት በነርቭ በኩል ከኩላሊት በላይ የተቀመጡትን ዕጢዎች ይቀሰቅሳሉ። አድሬናሊን ደም ውስጥ ይገባል፣ ጉበት ስኳር ይለቃል፣ ቆሽትም ኢንሱሊን እንዲቀንስ ይደረጋል። ስለዚህ በዚያች ሰዓት ቆሽት አላረረም፤ እንዲያውም እጁን ተይዟል! አንጎል በነገሩ እንዳለበት ከተጠረጠረ ቆይቷል፦ ፈረንሳዊው ተመራማሪ ክሎድ በርናር በ1849 እ.ኤ.አ. የጥንቸል አንጎል ግርጌ በመርፌ ቢወጋ ሽንቷ ውስጥ ስኳር አገኘ። ኢንሱሊን ራሱ የተገኘው ከዚያ በኋላ፣ በ1921 እ.ኤ.አ. ነው።

240ውን በሙሉ ነጋዴው ላይ መለጠፍ ግን ይከብዳል። ጠዋት የተበላውም አለ።

«ስኳር አለባት» ብለው መጻፍዎን ወድጄዋለሁ። አንዳንዶች «ስኳር አላት» ሲሉ እሰማለሁ። «አለኝ» ለንብረት ነው፤ ላልፈለግነው ሸክም «አለብኝ» እንላለን፦ ዕዳ አለብኝ፣ ደም ግፊት አለብኝ። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት «ስኳር አለሽ?» ብትል ጓዳ ያለውን ነው የምትጠይቀው። «ስኳር አለብሽ?» ካለች ግን ሲኒው ላይ ስንት ማንኪያ እንደምትጨምር ልትወስን ነው።