ያልተለመዱ የቆዳ በሽታዎች እንዴት ይለያሉ? ጥያቄና መልስ

በቆዳ ሕክምና ላይ የምሠራ ሐኪም ነኝ። ስለ ያልተለመዱ የቆዳ በሽታዎች ምርመራና ጥናት ከደረሱኝ ጥያቄዎች ተቀራራቢዎቹን አጣምሬ መልሻለሁ። መልሶቹ በአካል ቀርቦ መመርመርን አይተኩም።

ጥያቄ፦ አንድ የቆዳ በሽታ «ያልተለመደ» የሚባለው በምን መለኪያ ነው? ሐኪምስ «ይህ ተራ ችፌ አይደለም» ብሎ መጠርጠር የሚጀምረው መቼ ነው?

መልስ፦ የአውሮፓ ኅብረት ከ10,000 ሰዎች መካከል ከ5 የማይበልጡትን የሚይዝ በሽታ ብርቅ ብሎ ይመድበዋል፤ በአሜሪካ ደግሞ መለኪያው በመላ አገሪቱ ከ200,000 ያነሱ ሕሙማን መኖራቸው ነው። ለእኛ ግን እነዚህ ቁጥሮች ብዙም አይረዱንም። በቀይ አፈር ላይ ባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣውን ዝሆኔ አንድ የስዊድን ሐኪም ዕድሜውን ሙሉ ላያየው ይችላል፤ ጎጃም ውስጥ ግን በገበያ ቀን መንገድ ዳር የቆመ ሰው ሁሉ ያየዋል። ስለዚህ ሕመምተኛን አስቀድሜ የምጠይቀው የት እንደተወለደ፣ የት እንዳደገና ምን ሥራ ሲሠራ እንደኖረ ነው።

ጥርጣሬ የሚጀምረው በትክክል የታከመ ችፌ፣ ጭርት ወይም እከክ በሚጠበቅበት ጊዜ ሳይሻለው ሲቀር ነው። ሕመሙ ከተወለዱ ጀምሮ የነበረ ከሆነ፣ ቆዳው ስሜት ካጣ፣ ቁስሉ ወራት አልፎት ካልደረቀ፣ ወይም ከቆዳው ጋር አፍና ዐይን አብረው ከቆሰሉ ምርመራው ጠለቅ ማለት አለበት። ሁለት ነገሮች ግን ሐኪሙን በየጊዜው ያሳስታሉ። አንደኛው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት ተገዝቶ የሚቀባ የስቴሮይድ ቅባት ነው፤ እንደ ቤታሜታሶንና ክሎቤታሶል ያሉት መቅላቱንና ማሳከኩን ያበርዱና የጭርትን መልክ እስከማይታወቅ ድረስ ይለውጡታል። ሁለተኛው ብዙዎቹ የሕክምና መጻሕፍት በነጭ ቆዳ ላይ የተነሡ ሥዕሎችን የያዙ መሆናቸው ነው። መጽሐፉ «ቀይ» የሚለው በእኛ ቆዳ ላይ ወይን ጠጅ፣ ጥቁር ቡናማ ወይም አመዳማ ሆኖ ስለሚታይ፣ በጣት ዳስሶ ሙቀቱንና ጥንካሬውን ማወቅ የግድ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ኩታበር አካባቢ ነው የሚኖረው። ፊቱና ጆሮው ላይ የማይቆስሉ እብጠቶች ወጥተውበት የሥጋ ደዌ መድኃኒት ተሰጠው፤ ለውጥ ግን የለም። ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ ኩታበር ማለትዎም ጠቃሚ ነው። ያ አካባቢ ቁንጭር የተባለው የቆዳ በሽታ ከሚታወቅባቸው የደጋ ቦታዎች አንዱ ነው። በአገራችን ቁንጭርን በአብዛኛው የሚያመጣው ሌይሽማኒያ ኤቲዮፒካ የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ ሲሆን፣ የሚኖረው በገደል ላይ በሚገኙ ሽኮኮዎች ውስጥ ነው፤ ወደ ሰው የሚያሸጋግረውም የአሸዋ ዝንብ ነው። ከቁንጭር ዓይነቶች መካከል በመላ ሰውነት የሚሰራጨው ሳይቆስል እብጠት እያበዛ ስለሚሄድ ከሥጋ ደዌ ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። አንቶኒ ብራይሰን የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ በስፋት ያጠናው ይህንኑ ዓይነት ነው።

መለያው በአብዛኛው ነርቭ ነው። ሥጋ ደዌ ነርቭን ስለሚጎዳ በክርን ጀርባ ወይም ከጆሮ በታች አንገት ላይ የሚያልፉት ነርቮች ሲዳሰሱ ወፍረው ይገኛሉ፤ እጅና እግርም ይደነዝዛሉ። በቁንጭር ግን የስሜት መጥፋት አይጠበቅም። ይሁን እንጂ ማረጋገጫው ናሙና ነው። ከጆሮ ጫፍና ከእብጠቱ ቆዳው በምላጭ በትንሹ ተሰንጥቆ የሚፋቀው ፈሳሽ በሁለት የተለያዩ ማቅለሚያዎች መታየት አለበት፤ ዚል-ኒልሰን የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ፣ ጊምዛ ደግሞ ሌይሽማኒያን ያሳያል። በአንዱ ብቻ ታይቶ «ምንም የለም» ከተባለ ምርመራው አልተጠናቀቀም። በሚሰራጨው ዓይነት ተሕዋሱ እጅግ ብዙ ስለሆነ በቀላሉ ይገኛል፤ በቆየ ነጠላ ቁስል ላይ ግን ጥቂት ስለሚሆን በማይክሮስኮፕ አለመታየቱ በሽታው የለም አያሰኝም፤ በዚህ ጊዜ የተሕዋሱን ዲኤንኤ የሚፈልገው ፒሲአር የተባለ ምርመራ ይረዳል። ሁለቱ በሽታዎች አልፎ አልፎ በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙ ስለሚችሉ፣ ወንድምዎ የጀመሩትን መድኃኒት በራሳቸው አያቋርጡ፤ ሁለቱም ምርመራዎች ወደሚሠሩበት ሆስፒታል ይላኩኝ ብለው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ከቆዳ ላይ ቁራጭ ሲወሰድ በሽታው ይስፋፋል ይባላል። እውነት ነው? እህቴ አንድ ጊዜ ተወስዶላት «ምንም አልተገኘም» ተብላለች።

መልስ፦ አይስፋፋም። ብዙ ጊዜ የሚወሰደው 4 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክብ ቁራጭ ሲሆን፣ ቦታው በማደንዘዣ መርፌ ደንዝዞ በአንድ ወይም በሁለት ስፌት ይዘጋል።

«ምንም አልተገኘም» የሚለው መልስ ግን ብዙ ጊዜ የሚመነጨው ከላቦራቶሪው ሳይሆን ናሙናው ከተወሰደበት ቦታና ከመጠየቂያ ወረቀቱ ነው። ለምሳሌ የሰውነት መከላከያ የራሱን ቆዳ ሲያጠቃ የሚመጣ የውኃ መቋጠር ከተጠረጠረ ሁለት ናሙና ያስፈልጋል። አንደኛው ከአዲስ ውኃ መቋጠር ጠርዝ ተወስዶ ፎርማሊን ውስጥ ይገባል። ሁለተኛው ከጎኑ ካለ ያልተጎዳ ከሚመስል ቆዳ ተወስዶ ሚሼል በሚባል ፈሳሽ ይላካል፤ ፎርማሊን ውስጥ ከገባ ፀረ እንግዳ አካላቱን የሚያሳየው ምርመራ ይበላሻል። ወረቀቱ ላይም «የቆዳ ቁስል» ብቻ ከተጻፈ ናሙናውን የሚመረምረው ሐኪም (ፓቶሎጂስቱ) ምን እንደሚፈልግ አያውቅም። ዕድሜ፣ የትውልድ ቦታ፣ የቆየበት ጊዜ፣ የተወሰደ መድኃኒትና ቢያንስ ሦስት የተጠረጠሩ በሽታዎች መጻፍ አለባቸው። የእህትዎ ሐኪም ይህን ጽፎ እንደሆነ መጠየቅ ነውር የለውም።

ጥያቄ፦ እናቴ ከቋራ ወደ እስራኤል ከመጣች ጥቂት ዓመታት ሆኗታል። መላ ሰውነቷን ያሳክካታል፤ ቆዳዋም ወፍሯል። እዚህ ያሉት ሐኪሞች አለርጂ ነው ይላሉ።

መልስ፦ ለሐኪሞቹ «ቋራ» የሚለውን ስም ከካርታ ጋር ያሳዩአቸው። በሚፈሱ ወንዞች ዳር በሚራባ ጥቁር ዝንብ የሚተላለፈው ኦንኮሰርሲያሲስ ከቋራ በመጡ ቤተ እስራኤላውያን ላይ ተገኝቶ ያውቃል። ትልቁ ትል በሰውነት ውስጥ ከ10 እስከ 15 ዓመት ሊኖር ስለሚችል፣ ከአገር መውጣት ብቻውን በሽታውን አያጠፋም። ምርመራው ከዳሌና ከእግር ጥቃቅን የቆዳ ቁራጭ ወስዶ በጨው ውኃ ውስጥ እጮቹ ሲወጡ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። አይቨርሜክቲን የተባለው መድኃኒት እጮቹን እንጂ ትልቁን ትል ስለማይገድል ሕክምናው ይደጋገማል። ዐይናቸውም ይታይ።

ጥያቄ፦ ልጃችን ገና ከ2 ዓመቱ በፊት ፊቱ በጥቁር ነጠብጣብ ተሞላ፤ ፀሐይ ያቃጥለዋል፤ ብርሃን ዐይኑን ይወጋዋል። የዘር በሽታ ነው ተባልን። እኔና ባለቤቴ ግን ሰባት ቤት ተቆጥሮ ነው የተጋባነው።

መልስ፦ የገለጹት ዜሮደርማ ፒግሜንቶሰም የሚባለውን ሊያስጠረጥር ይችላል። ጄምስ ክሊቨር በ1968 (እ.ኤ.አ.) እንዳሳየው፣ የእነዚህ ልጆች ሕዋሳት የፀሐይ ጨረር በዲኤንኤ ላይ ያደረሰውን ጉዳት በትክክል መጠገን አይችሉም። ስለሆነም የቆዳ ካንሰር በልጅነት ሊመጣ ይችላል። ከሕሙማኑ ግማሽ ያህሉ ፀሐይ ቶሎ አያቃጥላቸውም፤ በእነርሱ ላይ ቀድሞ የሚታየው ነጠብጣቡ ነው።

ሰባት ቤት መቁጠር ቤተሰብን ከብዙ የዘር በሽታ የጠበቀ ጥሩ ልማድ ነው፤ ሆኖም ሙሉ ዋስትና አይደለም። የጤነኛ ሰው አንዱ ጂን ጉድለት ቢኖርበት ሳይታወቅ ትውልድ ይሻገራል፤ ዝምድና የሌላቸው ሁለት ሰዎችም በአንድ ጂን ላይ የተለያየ ጉድለት ይዘው ሊገናኙ ይችላሉ። በዚያን ጊዜ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመም ዕድሉ 25 በመቶ ነው። ጥፋተኛ ወላጅ የለም። የዘረ መል ምርመራ እስኪገኝ መጠበቅ ግን አያስፈልግም፤ ሰፊ ባርኔጣ፣ እጅጌው ረዥም ልብስ፣ ጨረር የሚከላከል መነጽርና የፀሐይ መከላከያ ቅባት ዛሬውኑ ይጀመር፤ በደጋ ጨረሩ ከቆላ እንደሚበረታም አይርሱ። ቆዳውንና ዐይኑን በየ3 ወሩ ያሳዩ። ከፀሐይ ስለሚርቅ ቫይታሚን ዲ ያስፈልገዋል።

ጥያቄ፦ የዝሆኔ ምክንያት አፈር መሆኑ እንዴት ታወቀ? ሁሉም ባዶ እግሩን ሲሄድ ለምን አንዳንዱ ብቻ ይታመማል?

መልስ፦ ይህ በአገራችን ከተሠሩት የቆዳ ጥናቶች ሁሉ እኔ አብልጬ የምወደው ነው። ትንኝ በሚያስተላልፈው ትል የሚመጣው የዝሆኔ ዓይነት በቆላ የሚገኝ ሲሆን፣ በደጋ ትሉ የማይገኝባቸው ሕሙማን ግን እጅግ ብዙ ነበሩ። ኧርነስት ፕራይስ የተባለው እንግሊዛዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሕሙማኑን መኖሪያ ከአፈሩ ዓይነት ጋር ሲያስተያይ፣ በሽታው ከእሳተ ገሞራ ዐለት የተገኘውን ቀይ አፈር ተከትሎ እንደሚሄድ አየ። የባዶ እግረኞች የብሽሽት ንፍፊት ሲመረመርም ከአፈሩ የገቡ ጥቃቅን ማዕድናት ተገኙ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2011 (እ.ኤ.አ.) ፖዶኮኒዮሲስን፣ ማለትም ይህንኑ ከአፈር የሚመጣ ዝሆኔ፣ ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ጋር መደበው። በኢትዮጵያ የሕሙማኑ ቁጥር ወደ 1.5 ሚሊዮን እንደሚጠጋ ይገመታል።

ለሁለተኛው ጥያቄዎ መልስ የሰጠው በ2012 (እ.ኤ.አ.) የታተመው፣ ከደቡብ ኢትዮጵያ የመጡ ሕሙማንንና ጤነኞችን ያነጻጸረው የዘረ መል ጥናት ነው። ልዩነቱ የተገኘው የሰውነትን የመከላከል ምላሽ በሚመሩት የኤችኤልኤ ጂኖች ላይ ነበር፤ ስለዚህ በሽታው የሚመጣው አፈሩና ተጋላጭ ዘር ሲገናኙ ነው። ጫማ ለብሶ ያደገ ሰው ዘሩ ተጋላጭ ቢሆንም አይታመምም፤ «የዘር በሽታ ነው» እየተባለ ጋብቻ መከልከሉም መሠረት የለውም።

ጥናቱ እዚያ አለመቆሙ ነው ደስ የሚያሰኘኝ። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን የተሳተፉበት፣ በ2018 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለልና ጫማ ማድረግ ሕሙማኑን አልጋ ላይ የሚጥለውን ትኩሳትና እብጠት በአንድ አምስተኛ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ጥያቄ፦ ፎቶ ብልክልዎ በሽታውን ይነግሩኛል?

መልስ፦ አልነግርዎትም። ለሐኪምዎ ግን በቀን ብርሃን፣ አንዱን ከሩቅ አንዱን ከቅርብ፣ ከጎኑ ማስመሪያ አድርገው አንሥተው ይያዙ።

ጥያቄ፦ ጸበል እየተጠመቅሁ መድኃኒት ብወስድ ችግር አለው?

መልስ፦ የለውም፤ መድኃኒቱን ማቋረጥ ግን ችግር አለው። ክፍት ቁስል ካለብዎት ከጥምቀቱ በኋላ በንጹሕ ውኃ አጥበው ይሸፍኑት።

ጥያቄ፦ የቆዳ ናሙናዬን ለጥናት እንድሰጥና ወደ ውጭ አገር እንዲላክ ተጠየቅሁ። ልፈርም?

መልስ፦ ያልተለመደ በሽታ የሚጠናው እንደ እርስዎ ያሉ ሰዎች ሲተባበሩ ነው። የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ በ1873 (እ.ኤ.አ.) ባገኘው ኖርዌያዊ ስም የተሰየመውና በ1970 (እ.ኤ.አ.) በአዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል ግቢ የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋምም የሥጋ ደዌ ጥናቱን የገነባው በአገራችን ሕሙማን ናሙና ላይ ነው። ከመፈረምዎ በፊት ግን እነዚህን ይጠይቁ፦ ጥናቱን የፈቀደው የሥነ ምግባር ኮሚቴ የትኛው ነው? ናሙናው ከዚህ ጥናት ውጭ ለሌላ ይውላል ወይ? ሐሳቤን ብለውጥ ይወገድልኛል? ለሕክምናዬ የሚጠቅም ውጤት ከተገኘ ማን፣ በምን መንገድ ይነግረኛል? «አልሳተፍም» ማለትዎ የሚያገኙትን ሕክምና ሊያስቀርብዎት እንደማይችልም በቅጹ ላይ ተጽፎ ማየት አለብዎት፤ ያ ዐረፍተ ነገር ከሌለበት አይፈርሙ።