አምፕሊፋየሩ ሲከፈት የእናቴ ሬዲዮ ለምን ይጮኻል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ሐይቅ ከተማ ትንሽ ሻይ ቤት አለችኝ። በቅርቡ አነስተኛ አምፕሊፋየር ገዝቼ አንዱን ስፒከር ቤቱ ውስጥ፣ ሌላውን በረንዳ ላይ ሰቀልኩ። የበረንዳው ሽቦ በኮርኒሱ ዞሮ 12 ሜትር ያህል ይሄዳል። እናቴ ጓዳ ሆነው በመካከለኛ ሞገድ ዜና ሲሰሙ፣ አምፕሊፋየሩን በከፈትኩ ቁጥር ሬዲዮው እዝዝዝ እያለ ጣቢያው ይጠፋል። ድምፁን ዜሮ ባደርገውም አይተውም። አንድ ሬዲዮ ሠሪ "አርጅቷል፣ አዲስ ግዙ" አለን። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ደህና ነኝ እህቴ። ሬዲዮው ጤነኛ ነው፤ እናትሽ እንዳይለውጡት! ድምፁ ዜሮ ሆኖም ጩኸቱ አለመቆሙን መጻፍሽ ነገሩን ግልጽ አድርጎልኛል። ክላስ ዲ የሚባሉት ትንንሽ አምፕሊፋየሮች ዘፈን ኖረም አልኖረም ኤሌክትሪኩን በሴኮንድ ብዙ መቶ ሺህ ጊዜ ሲያበሩና ሲያጠፉ ይውላሉ። ያንቺው በ400 ኪሎኸርዝ የሚሠራ ቢሆን እጥፎቹ 800 እና 1200 ላይ ይወድቃሉ። መካከለኛ ሞገድ ደግሞ ከ531 እስከ 1602 ኪሎኸርዝ ነው፤ እላዩ ላይ አረፉበት ማለት ነው። ያ የበረንዳ ሽቦ አንቴና ሆኖ ጓዳ ድረስ ይረጨዋል።

ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት ምንጩን ለዪ። አምፕሊፋየሩን አጥፍተሽ የስፒከር ሽቦዎቹን ሁሉ ንቀዪ፤ ከዚያ መልሰሽ ክፈቺው። ሬዲዮው ጸጥ ካለ ጥፋቱ የሽቦው ነው። ካላለ አዳፕተሩን ጠርጥሪ።

ሽቦው ከሆነ ትርፉን ቆርጠሽ አሳጥሪ፤ ወደ ስፒከሩ የሚሄዱትን ሁለቱን ሽቦዎች እንደ ገመድ እርስ በርስ ግመጃቸው። ዋናው መድኃኒት ግን የፌራይት ቀለበት ነው፤ ፌራይት ማለት እንደ ሸክላ የጠነከረ፣ ማግኔት የሚስበው ነገር ነው። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ኮምፒውተር የሚጠግኑ ልጆችን ጠይቂ፤ ከተጣለ ፓወር ሰፕላይ ውስጥ፣ መብራቱ በሚገባበት በኩል፣ ሁለት ጥቅል ሽቦ ያለበትን ቀለበት ያወጡልሻል። ቢጫና ነጭ ቀለም የተቀባው የብረት ዱቄት ስለሆነ ለዚህ አይሆንም። ፓወር ሰፕላዩን ራስሽ ግን አትክፈቺው፤ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ካፓሲተሩ ከመብራት ከተነቀለ በኋላም ሊመታ ይችላል።

የቀለበቱን አሮጌ ሽቦ ፈትተሽ ከአምፕሊፋየሩ መውጫ አጠገብ አድርጊው፤ ሁለቱን የስፒከር ሽቦዎች አብረሽ 5 ወይም 6 ጊዜ በውስጡ አዙሪ። ለየብቻ እንዳይሆን አደራ! አብረው ሲያልፉ የሚሄደውና የሚመለሰው የዘፈኑ ኤሌክትሪክ እርስ በርሱ ስለሚጣፋ ድምፁ አይነካም፤ የሚታገደው በሁለቱም ሽቦ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚወጣው ጩኸት ነው። በዙሩም አትሰስቺ፤ 3 ዙር የአንዱን ዙር 3 እጥፍ ሳይሆን ወደ 9 እጥፍ ያግዳል።

"ማጣሪያ ነው" ብሎ መውጫው ላይ ካፓሲተር ሊበይድልሽ የሚመጣ ካለ አትፍቀጂለት፤ አምፕሊፋየሩን ሊያቃጥለው ይችላል። ጥቁሩን ሽቦም ከቆርቆሮው ጋር አታያይዢ፤ በነዚህ አምፕሊፋየሮች ብዙ ጊዜ ሁለቱም መውጫዎች ኤሌክትሪክ አለባቸው።

እስከዚያው እናትሽ ሬዲዮውን ከሽቦው መንገድ አርቀው ባለበት ቀስ እያሉ ያዙሩት። ውስጡ ያለው ዘንግ አንቴና በጫፉ በኩል የሚመጣውን እምብዛም አይቀበልምና ጩኸቱ የሚቀንስበት አቅጣጫ አይጠፋም። ዜና ሲጀምር ግን፣ ቀለበቱ እስኪገኝ ድረስ፣ አምፕሊፋየሩን ብታጠፊላቸው ደስ ይለኛል።