ቤቴ ከተቃጠለ በኋላ መጸለይ አቃተኝ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ከወራት በፊት ሰደድ እሳት ቤታችንን አቃጠለው። ነፍሳችን ተርፋለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን አሁንም ጭስ ሲሸተኝ ልቤ ይመታል። ሌሊት ነፋስ ሲነፍስ ተነሥቼ በመስኮት አያለሁ። የተቃጠለው ቤት ቁልፍ እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ለጸሎት ስቆም ቃል አይመጣልኝም። አንድ ወንድም «የኃጢአታችሁ ቅጣት ነው» አለን። ሌላው ደግሞ «እምነት ያለው ሰው አይፈራም» አለኝ። እውነት እምነቴ ጠፍቶ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። እምነትሽ አልጠፋም። እምነቷ የጠፋ ሰው «መጸለይ አቃተኝ» ብላ አትጨነቅም።

መጀመሪያ የቅጣቱን ነገር እንጨርሰው። የሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰዎች ሲሞቱ፣ ጌታ ከሌሎቹ የኢየሩሳሌም ሰዎች የባሱ በደለኞች እንዳልነበሩ ተናግሯል (ሉቃስ 13፥4-5)። ንስሐ ግቡ ያለውም ቆመው የሚሰሙትን ሁሉ ነው። ሰደድ እሳት ደረቅ ሣርና ነፋስ ወዳገኘበት ይሄዳል። የጻድቁን ቤት ዘሎ የኃጥኡን አይመርጥም።

የኢዮብም በጎችና እረኞች በእሳት ነው ያለቁት። ወዳጆቹ መጥተው 7 ቀንና 7 ሌሊት ዝም ብለው አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። ከሠሩት ሁሉ ደጉ ሥራ ያ ነበር። ነገሩ የተበላሸው አፋቸውን ከፍተው ጥፋት ሲፈልጉለት ነው። በመጨረሻም ቅን ነገር አልተናገራችሁም ተብለው የተወቀሱት እነሱ ናቸው (ኢዮብ 42፥7)። ያ ወንድምሽም ዝም ብሎ አብሮሽ ቢቀመጥ ይሻል ነበር።

ፍርሃትሽን በተመለከተ፣ ሰውነትሽ ያንን ቀን አልረሳም። ጭስ ሲሸተው «ሩጪ» ይልሻል። ያኔ እንድታመልጪ የረዳሽም ይኸው ፍርሃት ነው። በኃጢአት አይቆጠርም።

ኤልያስን ልንገርሽ። በቀርሜሎስ እሳት ከሰማይ ሲወርድ በዓይኑ ያየ ነቢይ ነው። ብዙም ሳይቆይ ግን ለነፍሱ ፈርቶ ሸሸ። ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን ለመነ (1ኛ ነገሥት 19)። መልአኩ መጥቶ አልገሠጸውም። «እምነትህ የት ገባ?» አላለውም። ዳስሶት «ተነሥተህ ብላ» ነው ያለው። በራስጌው እንጎቻና ውኃ ነበር። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጣ፤ አሁንም ብላ አለው። በኮሬብ ነፋስ፣ የምድር መናወጥና እሳት ያለፉት ከዚያ በኋላ ነው። እግዚአብሔር በእሳቱ ውስጥ አልነበረም። ከእሳቱ በኋላ ግን ለስላሳ ድምፅ ተሰማ። እንቅልፉና እንጀራው ከድምፁ ቀድመው እንደመጡ ልብ በይ። እኔ ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል።

ስለዚህ ብይ፣ ተኚ። ቃል ካልመጣልሽ የዳዊትን ተዋሺ። መዝሙር 13ን (በአንዳንዱ መጽሐፍ 12 ነው) አንብቢ። «እስከ መቼ» እያለ ደጋግሞ ይጮሃል። ሌሊት ስትደነግጪ እግርሽን መሬት አስነክተሽ፣ ቀስ ብለሽ እየተነፈስሽ «አቤቱ ማረኝ» በይ። የእሳት ቪዲዮ ደጋግመሽ አትዪ። በር አጠገብ ዶክመንትና ልብስ የያዘ ቦርሳ ማዘጋጀትም እምነት ማጣት አይደለም። ኖኅ መርከቡን የሠራው ውኃው ሳይመጣ ነው።

ልጆች ካሉ፣ አልጋ ላይ መሽናት ወይም ከእናት አልለይም ማለት ሊጀምሩ ይችላሉ። አትቆጪያቸው። የሆነውን በአጭሩ፣ በእውነት ንገሪያቸው።

አንድ ነገር ግን አደራ። እንዲህ ያለው ድንጋጤና እንቅልፍ ማጣት ከወር በላይ ከቆየ የሥነ ልቦና ባለሙያ ማየት ያስፈልጋል። አንቺ ወራት ብለሻል፤ ስለዚህ ሂጂ። ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበር። እንደ ኤልያስ ሞትን መመኘት ከመጣብሽ ደግሞ፣ ሳታድሪ ለምታምኚው ሰው ተናገሪ፣ ሐኪም ቤትም ሂጂ።

ቁልፉን «ጣዪው» የሚልሽ ካለ አትስሚው። ጸሎት እምቢ ባለሽ ቀን በእጅሽ ይዘሽው ዝም ብለሽ ቁሚ። እግዚአብሔር የየትኛው በር ቁልፍ እንደሆነ ያውቃል። የአንቺንና የቤተሰብሽን የክርስትና ስም ላኪልኝ፤ በጸሎት አስባችኋለሁ።